ሥር የሰደደ ሕመም ያለበትን ሰው ከረጅም መቀመጥ ማላቀቅ፦ በስልክ የሚደረግ ምክክር ደረጃ በደረጃ

የስኳር፣ የልብ፣ የሳንባ ወይም የመገጣጠሚያ ሕመም ያለበት ሰው «እንቅስቃሴ ያድርጉ» የሚለውን ምክር በየቀጠሮው ይሰማል። ቤቱ ሲገባ ግን የሚጠብቀው ያው ወንበር ነው። ጉልበቱ ያመዋል፣ ትንፋሽ ያጥረዋል፣ መውደቅ ያስፈራዋል፤ የሚወዱትም ሰዎች «አረፍ በል፣ እኛ እናመጣልሃለን» ይሉታል። ይህ ጽሑፍ እንዲህ ያለውን ሰው በስልክ፣ በአጭር መልእክት ወይም በቪዲዮ ለሚከታተሉ ነርሶች፣ ፊዚዮቴራፒስቶችና ሌሎች የጤና ባለሙያዎች ነው። ወላጁን ከሩቅ የሚከታተል ልጅም፣ የሐኪሙን ፈቃድ ይዞ፣ አብዛኛውን ሊጠቀምበት ይችላል።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር እንለይ። እዚህ የምንይዘው ሥራ ስፖርት ማሠራት ሳይሆን ሳይነሱ የሚቀመጡበትን ረጅም ጊዜ መቆራረጥ ነው። ሁለቱን የሚያምታታ አማካሪ ገና ከጅምሩ የማይቻል ነገር ይጠይቅና ታካሚው ስልክ ማንሳት ያቆማል። ስፖርቱ በኋላ ሊመጣ ይችላል፤ ሲመጣም ደስ ይላል፤ ለዚህ ሥራ ግን ቅድመ ሁኔታ አይደለም።

መቆራረጡ ለምን ይጠቅማል

አማካሪው ነገሩን ራሱ ካልተረዳው ለታካሚው ሊያስረዳ አይችልም። በጥናት ቋንቋ «መቀመጥ» የሚባለው ነቅተን ሳለን ተቀምጠን፣ ተደግፈን ወይም ጋደም ብለን የምናሳልፈው፣ ሰውነታችን በዕረፍት ላይ ከሚያወጣው ጉልበት ከ1.5 እጥፍ ያልበለጠ የሚያወጣበት ጊዜ ነው። እንቅልፍ አይቆጠርም። ስለዚህ ጠዋት ግማሽ ሰዓት በእግሩ ሄዶ የቀረውን ቀን ሶፋ ላይ የሚያሳልፍ ሰው እንቅስቃሴ የሚያደርግም፣ ብዙ የሚቀመጥም ሰው ነው።

ጉዳዩ አዲስ አይደለም። ጄረሚ ሞሪስና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1953 ባወጡት ጥናት የለንደን ባለ ሁለት ፎቅ አውቶቡስ ሾፌሮችን ደረጃ ሲወጡና ሲወርዱ ከሚውሉት ትኬት ቆራጮች ጋር አነጻጽረው፣ በልብ ደም ሥር ሕመም ይበልጥ የሚጠቁት ሾፌሮቹ መሆናቸውን አሳይተዋል። ለስኳር ታካሚ ደግሞ ይበልጥ የሚቀርብ ምክንያት አለ። የእግርና የመቀመጫ ጡንቻዎች ከሰውነት ጡንቻዎች ሁሉ ትልልቆቹ ናቸው፤ ሲኮማተሩም ከደም ውስጥ ስኳር የሚስቡበት፣ ኢንሱሊንን የማይጠብቅ የራሳቸው መንገድ አላቸው። አውስትራሊያ ውስጥ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣ ጥናት ይህንኑ በቀን ውሎ ፈትኖታል። ዓይነት 2 ስኳር ያለባቸው ሰዎች በየ30 ደቂቃው ለ3 ደቂቃ ቀስ ብለው ሲራመዱ፣ ወይም እዚያው ቆመው ጉልበት እንደ ማጠፍና ተረከዝ እንደ ማንሳት ያሉ ቀላል እንቅስቃሴዎችን ሲሠሩ፣ ከምግብ በኋላ ያለው የደም ስኳራቸውና ኢንሱሊናቸው ሳያቋርጡ ከተቀመጡበት ቀን ዝቅ ብሎ ተገኝቷል። በዚያው ዓመት የአሜሪካ የስኳር ሕመም ማኅበር ረጅም መቀመጥ በየ30 ደቂቃው እንዲቋረጥ መክሯል።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ ሥር የሰደደ ሕመም ያለባቸውን አዋቂዎች ለይቶ በመጥቀስ የመቀመጫ ጊዜያቸውን እንዲቀንሱ፣ በምትኩም ቀላል የሚባል እንቅስቃሴ ጭምር እንደሚጠቅማቸው ገልጿል። ከስንት ሰዓት በላይ መቀመጥ እንደሚበዛ ግን የቆረጠው ቁጥር የለም። እርስዎም ለታካሚው አይቁረጡለት።

ከመደወል በፊት የሚጣራ

ታካሚው ቢወድቅ ከአጠገቡ አይደሉም። ስለዚህ የሚከታተለው ሐኪም ነገሩን ማወቁን፣ የሚወስዳቸውን መድኃኒቶች፣ ባለፉት 12 ወራት ወድቆ እንደሆነ፣ እግሩ ላይ ቁስል ወይም መደንዘዝ መኖሩን አስቀድመው ይመዝግቡ። የሚኖርበትን ቦታ ትክክለኛ አድራሻና አብሮት ያለ ሰው ስልክ ቁጥር ሳይይዙ አንድም እንቅስቃሴ በስልክ አያሠሩ።

መድኃኒቶቹ ላይ ቆም ብሎ ማየት ያስፈልጋል። ኢንሱሊን ወይም እንደ ግሊቤንክላሚድ ያለ እንክብል የሚወስድ ሰው መንቀሳቀስ ሲጨምር ስኳሩ ከመጠን በታች ሊወርድ ይችላል። ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ ድንገተኛ ረሃብና ግራ መጋባት ምልክቶቹ ናቸው። መለኪያው ከ70 ሚሊግራም በዴሲሊትር በታች ካሳየ 15 ግራም የሚሆን ፈጣን ስኳር (ከ3 እስከ 4 የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጦ ወይም ግማሽ ብርጭቆ ጭማቂ) ይወስዳል፣ ከ15 ደቂቃ በኋላም እንደገና ይለካል። ይህን ቃል በቃል እንዲደግምልዎት ያድርጉ።

እንደ አቴኖሎል፣ ሜቶፕሮሎልና ካርቬዲሎል ያሉ መድኃኒቶች የልብ ምትን ይይዛሉ፤ ስለዚህ ለእነዚህ ታካሚዎች በእጅ ሰዓት ላይ የሚታየው የልብ ምት ቁጥር የድካማቸውን ልክ አይናገርም። የስኳር መውረድ ምልክት የሆኑትን መንቀጥቀጥና የልብ መምታትም ሊሸፍኑ ይችላሉ፤ ላቡን ግን አብዛኛውን ጊዜ አይሸፍኑትም። የደም ግፊት መድኃኒት ወይም የሚያሸና መድኃኒት የሚወስደው ደግሞ ድንገት ሲነሳ ሊያዞረው ይችላል። እርሱን የሚያስተምሩት አነሳሱን ነው፦ ወደ ወንበሩ ጫፍ ቀረብ ማለት፣ እግርን ከቁርጭምጭሚት 10 ጊዜ ወደ ላይና ወደ ታች ማጠፍ፣ የሚይዙትን ይዞ መነሳት፣ ከመራመድ በፊት ቆሞ መጠበቅ። ማዞሩ ከቀጠለ ጉዳዩ ወደ ሐኪሙ ይሄዳል።

የደረት ሕመም፣ ራስን መሳት፣ ተቀምጠውም የማይለቅ የትንፋሽ ማጠር፣ የአንድ ጎን መዛል ወይም የንግግር መኮላተፍ ሲመጣ ምክክሩ ያበቃና ድንገተኛ ሕክምና ይጠራል። የልብ ድካም ያለበት ሰው ክብደቱ በ1 ቀን ከ1 እስከ 1.5 ኪሎ፣ ወይም በሳምንት ከ2 ኪሎ በላይ ከጨመረ ውሃ እየቋጠረ ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ለሐኪሙ ይነግራል።

አንድ ቡድን ደግሞ ለብቻው መታየት አለበት። ትንሽ ከተንቀሳቀሰ በኋላ በማግስቱ ወይም በሁለተኛው ቀን ሁለመናው የሚደቅ፣ አልጋ የሚይዝ ሰው ካጋጠመዎት ይህን መመሪያ አይተግብሩበት። ሥር የሰደደ የድካም ሕመም የሚባለው፣ አንዳንዴም ከኮቪድ በኋላ የሚቆየው ሕመም እንዲህ ያደርጋል። የእንግሊዝ የሕክምና መመሪያ አውጪ ተቋም ናይስ እ.ኤ.አ. በ2021 ለዚህ ሕመም እንቅስቃሴን በተወሰነ መጠን እየጨመሩ የመሄድን ሕክምና ከልክሏል። ለእነዚህ ሰዎች ዕረፍት ስንፍና አይደለም፤ «ትንሽ ይሞክሩ» እያሉ መገፋፋት በእውነት ይጎዳቸዋል።

የመጀመሪያው ጥሪ፦ ወንበሩ የሚሰጠውን ማወቅ

በዚህ ጥሪ ምንም አይምከሩ። እንዲህ የምለው ምክር የሚሰማው ሰው ተገኝቶ ሳለ ዝም ማለት ለባለሙያ ከባድ መሆኑን ስለማውቅ ነው። ዓላማው ሁለት ነገር ማግኘት ነው፤ ሰውየው ቀኑን የት እንደሚያሳልፍና ለምን እንደሚቀመጥ።

«በቀን ስንት ሰዓት ይቀመጣሉ?» ብለው አይጠይቁ፤ ሰው መቀመጡን አይቆጥርም፣ ሲገምትም አብዛኛውን ጊዜ አሳንሶ ነው። ይልቅ ትናንትን ያስተርኩት።

«ትናንት ከእንቅልፍዎ ከተነሱ በኋላ ምን አደረጉ?»
«ቁርሴን በላሁ፣ መድኃኒቴን ወሰድኩ።»
«ከዚያስ?»
«ከዚያማ ቴሌቪዥን አየሁ።»
«እስከ መቼ?»
«ምሳ እስኪደርስ።»
«በመሃል ተነስተው ነበር?»
«ሽንት ቤት አንዴ ተነሳሁ መሰለኝ።»

በዚህ መንገድ ቀኑ በ10 ደቂቃ ውስጥ ወረቀት ላይ ይወጣል። ከመካከሉ ሳይነሳ የተቀመጠባቸውን ሁለት ረጃጅም ጊዜያት ያክብቡ፤ ሥራው እዚያ ነው፣ የቀረውን ቀን ይተዉት።

ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ ከሁሉ ይበልጣል፦ «በዚያን ሰዓት ባይቀመጡ ኖሮ ምን ይሆኑ ነበር?» መልሱ ከሰው ሰው ይለያያል። አንዷ «ወገቤ ይቆረጣል» ትላለች፤ ለእሷ ወንበር የሕመም ማስታገሻ ነው። ሌላው «ባለፈው የወደቅሁት ስነሳ ነው» ይላል፤ እሱን የያዘው ፍርሃት ነው። «ልጆቼ ይቆጡኛል» የሚሉም አሉ። «ምን የሚያስነሳኝ ነገር አለና» የሚል ሰው ሲገጥምዎት ደግሞ ድምፁን በጥሞና ያዳምጡ፤ ሥር የሰደደ ሕመም ያለባቸው ብዙ ሰዎች ድባቴ አብሯቸው ይኖራል። ከሁለት ሳምንት በላይ የዘለቀ ተስፋ መቁረጥ፣ የምንም ነገር ፍላጎት ማጣት ወይም ስለ ሞት የሚነሳ ወሬ ካለ ወደ ሐኪም የሚያገናኘው መንገድ ከእንቅስቃሴው ይቀድማል።

ዊሊያም ሚለርና ስቲቨን ሮልኒክ ያዳበሩት የምክክር ስልት እዚህ በጣም ይረዳል። ነገሩ ሲጠቀለል ሰው የሚለወጠው ከአማካሪው በሰማው ምክንያት ሳይሆን ከራሱ አንደበት በወጣው ነው። ስለዚህ «መቀመጥ ይጎዳዎታል» ከማለት ይልቅ «ከመቀመጫዎ መነሳት ቢቀልልዎት ምን ማድረግ ይፈልጉ ነበር?» ብሎ መጠየቅ ይሻላል። የልጅ ልጇን እስከ በር መሸኘት የምትፈልግ ሴት ምክንያቷን ራሷ ነግራዎታለች፤ ቃሏን እንዳለ ይጻፉት፣ በሚቀጥሉት ጥሪዎችም በዚያው ቃል ያንሱላት። የራስዎን ሐሳብ መጨመር ሲያስፈልግ «አንድ ነገር ልንገርዎት?» ብለው ፈቃድ ይጠይቁ።

መነሻውን መለካት

ከመጀመሪያው ጥሪ በኋላ ያለው ሳምንት ምንም ሳይለወጥ የሚታይበት ሳምንት ነው። ታካሚው ከመቀመጫው በተነሳ ቁጥር ወረቀት ላይ አንድ ሰረዝ ይሥራ፤ ማታ ላይ ሰረዞቹን ቆጥሮ ቁጥሩን ይላክ። ይህ ተራ መንገድ ከብዙ መሣሪያ ይሻላል፣ ምክንያቱም በእጅ የሚታሰሩ መለኪያዎች መቆምን ከመቀመጥ በደንብ አይለዩም፤ በትክክል የሚለዩት ጭን ላይ የሚለጠፉት የምርምር መሣሪያዎች ናቸው። ስልክም ጠረጴዛ ላይ ከዋለ ምንም አይቆጥርም። ዱላ ወይም የመራመጃ ድጋፍ ይዞ ቀስ ብሎ የሚሄድ ሰው ደግሞ ብዙ እርምጃው ሳይቆጠር ይቀራል፣ ይህም ተስፋ ያስቆርጠዋል።

10,000 እርምጃ የሚለውን ቁጥር ታካሚው ራሱ ሊያነሳ ይችላል። ቁጥሩ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1965 ጃፓን ውስጥ ለገበያ ከቀረበ የእርምጃ መቁጠሪያ ስም እንጂ ከሕክምና ጥናት አለመሆኑን ይንገሩት። ለሱ የሚሆነው ቁጥር የራሱ ያለፈ ሳምንት ነው።

አንድ መነሻ መምረጥና አብሮ መለማመድ

በሁለተኛው ጥሪ ካከበቡት ረጅም ጊዜ አንዱን ታካሚው ይምረጥ። ለዚያም አንድ መነሻ፣ ማለትም ከመቀመጫው የሚነሳበት አጋጣሚ፣ ይዘጋጅለት። ፒተር ጎልዊትዘር የተባለው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ያሳየው ነገር እዚህ ይሠራል፦ «ብዙ ጊዜ እነሳለሁ» ከሚል ሐሳብ ይልቅ «ይህ ሲሆን ያንን አደርጋለሁ» የሚል ዕቅድ ወደ ተግባር ይገባል። «ማስታወቂያ ሲመጣ ተነስቼ እስከ መስኮቱ ደርሼ እመለሳለሁ»፣ «ስልክ ሲደወልልኝ ቆሜ አነጋግራለሁ»፣ «መድኃኒቴን ከዋጥሁ በኋላ ብርጭቆውን ራሴ ወስጄ አስቀምጣለሁ»። መነሻው ቀድሞውኑ በቀኑ ውስጥ ካለ ነገር ጋር ቢታሰር ይመረጣል። የማንቂያ ደወል መጀመሪያ ላይ ይረዳል፤ ሲደጋገም ግን ጆሮ ይለምደዋል።

የሚሠራው ነገር እንደ ሕመሙ ይለያል። የጉልበት ሕመም ያለበት ከፍ ያለና መደገፊያ ያለው ወንበር ይምረጥ፤ ዝቅ ካለ ሶፋ መነሳት ለብቻው ከባድ ሥራ ነው። የሳንባ ሕመም ያለበት በአፍንጫው ስቦ ከንፈሩን ሰብሰብ አድርጎ ቀስ እያለ እያስወጣ ይነሳ፤ የማስወጫው ጊዜ ከመሳቢያው ይርዘም። የስኳር ታካሚ ከምግብ በኋላ ያለውን ሰዓት ቢመርጥ ብዙ ያተርፋል፤ ባዶ እግሩን ግን አይራመድ፣ ማታ ማታም የእግሩን መዳፍ ይመልከት። ስትሮክ የመታው ወይም ፓርኪንሰን ያለበት ሰው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሰው በቤት ሳለ ብቻ ይለማመድ። መቆም ለማይችል ሰውም ቦታ አለ፤ ተቀምጦ እግርን እየዘረጉ መመለስ፣ ክንድን ማንሳት፣ በተሽከርካሪ ወንበር ቤት ውስጥ ዞር ዞር ማለት ይቆጠርለታል። የኩላሊት እጥበት ያለበት ሰው አብዛኛውን ጊዜ በሳምንት 3 ቀን 4 ሰዓት ያህል ከማሽኑ ጋር ስለሚውል በእነዚያ ቀናት ምንም አይጠየቅ፤ ዕቅዱ ለሌሎቹ ቀናት ይሁን።

ከዚያ በስልኩ ላይ አብራችሁ ተለማመዱ። ስልኩ ድምፅ ማጉያው ተከፍቶ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጥ፣ ወንበሩ ግድግዳ ይደገፍ፣ ምንጣፍና ሽቦ ከመንገድ ይነሳ። ታካሚው ተነስቶ የተባለውን እየሠራ ያነጋግርዎት። አንድ ሙሉ ዐረፍተ ነገር ሳይቆራረጥ ከተናገረ ልኩ ደህና ነው። በየሁለት ሦስት ቃሉ ትንፋሽ ከቆረጠው በዝቷል፤ ያሳጥሩት። የልብ ምትን ለሚይዝ መድኃኒት ተጠቃሚም ቢሆን ይህ መለኪያ ይሠራል፣ ከሩቅ ሆኖ ለሚያዳምጥ ሰውም ከዚህ የተሻለ መሣሪያ የለም።

ጥሪው ከማለቁ በፊት «ይህን በዚህ ሳምንት ለማድረግ ከ0 እስከ 10 ምን ያህል ይተማመናሉ?» ይበሉ። ከ7 በታች ካለ ዕቅዱ ትልቅ ነውና ይቀነስ። በቀን 6 ጊዜ የነበረው 2 ጊዜ ይሁን። 2 ጊዜም ካስፈራው አንድ ጊዜ ይበቃል።

በጥሪዎች መካከል

ዋናው ሥራ የሚሠራው እርስዎ በሌሉበት ነው። መልእክት የሚላክበትን ሰዓት ታካሚው ይምረጥ፤ መልእክቱም መልስ የሚሻ ይሁን። «ዛሬ ስንት ጊዜ ተነሱ?» የሚል፣ በአንድ ቁጥር የሚመለስ ጥያቄ ከረጅም ማበረታቻ ይበልጣል። ማንበብ ለሚያስቸግረው ወይም ዓይኑ ለደከመ ሰው የድምፅ መልእክት ይላኩ። መልስ ሲመጣ ሳይዘገዩ ይመልሱ፤ ቁጥር ልኮ ዝም የተባለ ሰው በሳምንቱ መላክ ያቆማል።

ቤተሰቡን ባንዱ ጥሪ ላይ ያስገቡ፣ በታካሚው ፈቃድ። ውሃ፣ ሪሞት፣ ባትሪ መሙያ ሁሉ እጁ ሥር የተደረደረለት ሰው የሚነሳበት ምክንያት የለውም፤ ያን ያደረጉት ግን ስለሚወዱት ነው፣ ስለዚህ አይውቀሷቸው። «እሳቸው መነሳት ሲጀምሩ አጠገባቸው ቁሙ እንጂ አትቅደሟቸው» የሚል አንድ ግልጽ ሥራ ይስጧቸው።

የየሳምንቱ ጥሪ

በመጀመሪያው ወር በሳምንት አንዴ፣ ከዚያ በየ15 ቀኑ፣ ቀጥሎ በወር አንዴ መደወል ለብዙዎች ይበቃል፤ ጥሪውም ከ15 እስከ 20 ደቂቃ። ከቁጥሩ አይጀምሩ። «ሳምንቱ እንዴት አለፈ?» ይበሉ፤ ሕመም፣ ማዞር፣ መውደቅ፣ የመድኃኒት ለውጥ መኖሩን ይጠይቁ፤ ከዚያ ወደ ዕቅዱ ይግቡ። የሠራውን በስሙ ጠርተው ያድንቁ፦ «ረቡዕ ጉልበትዎ እያመመዎት ሦስት ጊዜ ተነስተዋል» ማለት «ጎበዝ ነዎት» ከማለት ይልቅ ልብ ይገባል።

ሥር የሰደደ ሕመም ቀጥ ብሎ አይሄድም። ዛሬ ደህና የዋለ ሰው ነገ መገጣጠሚያው አብጦ ሊነሳ ይችላል። ስለዚህ ገና ከመጀመሪያው ሁለት ዕቅድ ይኑር፤ አንዱ ለደህና ቀን፣ አንዱ ለክፉ ቀን። የክፉው ቀን ዕቅድ በጣም ትንሽ ይሁን፤ አልጋ ጫፍ ላይ ሁለት ጊዜ ቀና ብሎ መቀመጥ እንኳ ይበቃል። ታካሚው በክፉ ቀን ትንሹን ከሠራ ዕቅዱን ፈጽሟል፤ እርስዎም እንደዚያው ይመዝግቡለት። በደህና ቀን ደግሞ ተቃራኒው ፈተና ይመጣል፦ ያለፈውን ለማካካስ አብዝቶ ሠርቶ ሁለት ቀን መተኛት። ይህን አስቀድመው ያስጠንቅቁት፣ የደህናው ቀን ዕቅድም ጣሪያ ይኑረው።

ስልክ ሳያነሳ ከቀረ ስለ ዕቅዱ የሚጠይቅ መልእክት አይላኩ። «ደህንነትዎን ልጠይቅ ነው» የሚለው ይበቃል። አብዛኛውን ጊዜ የሚሸሸው «አልሠራሁም» ማለት አፍሮ ነው፤ የሚመልሰውም እርስዎ እንደማይታዘቡት ማወቁ ነው።

ማሳደግና መልቀቅ

ሁለት ሳምንት ያለ ችግር ከሄደ አንድ ነገር ብቻ ይጨመር፦ ወይ የመነሻዎቹ ቁጥር፣ ወይ የቆይታቸው ርዝመት። ሁለቱን በአንድ ሳምንት አይጨምሩ፤ ሕመም ቢነሳ የትኛው እንዳመጣው አይታወቅም። ቀስ በቀስ ወደ 30 ደቂቃው መቆራረጥ መድረስ ጥሩ ነው፤ በየሰዓቱ ላይ ረግቶ የቀረ ሰውም ከነበረበት ብዙ ርቋል።

ጥሪዎቹ መራራቅ ሲጀምሩ ቁጥሩን መላክ ቀርቶ ታካሚው ለራሱ ይያዘው፣ ዕቅዱንም እሱ ያውጣው፤ እርስዎ ሲጠየቁ ብቻ ይናገሩ። በመጨረሻው ጥሪ ላይ ስለ ሆስፒታል ይነጋገሩ፤ ሥር የሰደደ ሕመም ያለበት ሰው አንድ ቀን ሊተኛ ይችላልና። አልጋ ላይ የዋሉ ቀናት የእግር ጡንቻን በፍጥነት ያሳንሳሉ፣ ከሆስፒታል የተመለሰ ሰውም የድሮ ዕቅዱን ልጀምር ብሎ የሚወድቀው ያን ጊዜ ነው። ከአሁኑ ይስማሙ፦ ከሆስፒታል በወጣ በመጀመሪያው ሳምንት እሱ ወይም ቤተሰቡ ይደውላል፤ ሐኪሙ ከፈቀደ በኋላ ከክፉው ቀን ዕቅድ ይጀምራል፤ የተለወጠ መድኃኒት ካለ ዝርዝሩ እንደገና ይታያል፤ የመጀመሪያው መነሳትም በስልክ፣ ሰው አጠገቡ ቆሞ ይለማመዳል።